ቴሌግራም፣ የራስ ድረ ገጽ ወይስ ኢትሲ? ለጎንደር የእጅ ሥራ ሻጮች

አክስቴ ጎንደር ውስጥ የጥልፍ ቀሚስ፣ መሶብና ከወለቃ የምታመጣውን የሸክላ ጀበና ትሸጣለች። ሱቋ ቴሌግራም ላይ ነው። ሰሞኑን «ልጄ፣ ድረ ገጽ እናሠራ ወይስ ይኸው ይበቃናል?» አለችኝ። ለእሷ ያጣራሁትን እነሆ፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እዩት።

ቴሌግራም

ቻናል መክፈት በነጻ ነው። ደንበኛው አዲስ ነገር መልመድ አይጠበቅበትም። ዕቃውን ያያል፣ ይጽፋል፣ በቴሌብር ይከፍላል፣ ስክሪንሾት ይልካል። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ላሉ ደንበኞች ከዚህ የሚቀል የለም።

ችግሩ፣ ዕቃ ይቀበራል። ለጥምቀት የለጠፋችሁትን ቀሚስ ሚያዝያ ላይ የሚመጣ ሰው አያገኘውም። ትእዛዝም በወሬ መሃል ይጠፋል። አንድ ጊዜ ለአንዲት መሶብ ሁለት ሰው ከፍሎ አክስቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም።

እዚሁ መቆየት ከፈለጋችሁ ሦስት ነገር አስተካክሉ። እያንዳንዱ ፖስት ላይ ሃሽታግ ይኑር፦ መሶብ፣ ጀበና፣ ጥልፍ። የመላኪያና የክፍያ መረጃ ያለበትን ፖስት ፒን አድርጉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ማለትን ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ብዙ ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ዝም ብሎ ያልፋል።

የራስ ድረ ገጽ

ድረ ገጽ የሚሠራበት ዎርድፕረስና በላዩ የሚጫነው፣ ገጹን ሱቅ የሚያደርገው ዉኮሜርስ ራሳቸው ነጻ ናቸው። የምትከፍሉት ለዶሜይን (ለገጹ አድራሻ) እና ለሆስቲንግ (ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ) ነው፣ በየዓመቱ። የኦንላይን ክፍያ የሚቀበለውን ቻፓን ብታገናኙት ደንበኛው እዚያው ይከፍላል። የውጭ ካርድ ይሠራላችሁ እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ትልቁ ጥቅሙ ቆጠራው ነው። መሶቧ ስትሸጥ ገጹ ራሱ «አልቋል» ይላል። ዋሽንግተን ያለችው የአገር ልጅም እኛ ተኝተን ሳለ መርጣ ታዛለች።

ጣጣው ጥገና ነው። ገጹን የሚያድስ፣ ያለቀውን የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ከሌለ አትጀምሩት። ሾፒፋይ የሚባለው የተዘጋጀ የኦንላይን ሱቅ አገልግሎት ይህን ያቀላል፤ ክፍያው ግን በየወሩ ነው፣ ያውም በዶላር።

ኢትሲ

ከ2005 ጀምሮ የእጅ ሥራ የሚሸጥበት የአሜሪካ የኦንላይን ገበያ ነው። ለአንድ ዕቃ ማስለጠፊያ 0.20 ዶላር ይወስዳል፤ በየ4 ወሩ ይታደሳል። ሲሸጥ ደግሞ መላኪያውን ጨምሮ 6.5 በመቶ ይቆርጣል። 40 ዶላር የሚሸጥ ነጠላ በ20 ዶላር መላኪያ ብትልኩ 3.90 ዶላሩ የእነሱ ነው። የክፍያ ማስተናገጃው ለብቻው ይታሰባል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በኢትሲ ክፍያ መቀበል ከሚቻልባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ የሚያዋጣው ውጭ የሚኖር ዘመድ በራሱ ስምና ባንክ ከከፈተ ብቻ ነው። ግብሩም በእሱ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ሳትነጋገሩ አትግቡበት፤ ዝምድና ያበላሻል።

የትም ብትሸጡ

ፎቶ! ማታ በአምፖል የተነሳ ጥልፍ ቀለሙ ይዋሻል። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ነጠላ ዘርግታችሁ አንሱ። ጀበናው አጠገብ ሲኒ አስቀምጡ፤ ሰው መጠኑን ወዲያው ይገባዋል። ለመሶብ ቁመቱንና ስፋቱን፣ ለቀሚስ ትከሻውን፣ ደረቱንና ርዝመቱን በሴንቲሜትር ጻፉ። «ፍሪ ሳይዝ» መልስ አይሆንም።

ማሸጊያም እንዲሁ። አክስቴ የመጀመሪያውን ጀበና በጋዜጣ ጠቅልላ በአንድ ካርቶን ላከችው። አዲስ አበባ ሲደርስ አንገቱ ተሰብሮ ነበር፤ ገንዘቡን መለሰች። አሁን ሆዱን በወረቀት ትሞላለች፣ አንገቱንና እጀታውን በጨርቅ ትጠመጥማለች፣ ካርቶኑን ሌላ ካርቶን ውስጥ ታስገባለች። ከዚያ ወዲህ አልተሰበረባትም።

ለእኔ ምርጫው እንዲህ ነው። ደንበኞቻችሁ አገር ውስጥ ከሆኑና በወር የምትሸጡት ጥቂት ከሆነ ቴሌግራሙን አስተካክሉ፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከውጭ የሚጠይቁ ከበዙና ዕቃችሁ እንደ ጥልፍና ነጠላ ቀላል ከሆነ ድረ ገጽ አሠሩ። ሸክላ ውጭ መላክ ግን ከዋጋው በላይ ያስወጣል።

ከአክስቴ ጋር የተስማማነው፣ ጀበናውና መሶቡ ቴሌግራም ላይ እንዲቆዩ፣ አሥር ቀሚሶች ብቻ ይዘን ድረ ገጹን እንድንሞክር ነው። ትናንት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መስኮቱ ሥር ፎቶ አነሳን። ሜትሩን የያዘችው እሷ ናት።