ከጎሮ ማዶ ሦስት ዓመት ተኩል፦ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ መሥራት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። እኔ ድሮ ከምሠራበት ድርጅት ኦፈር ደርሶታል። «እህቴ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ አጭር መልስ ሰጠሁት። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው፤ ሌሎችም ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። የስልክ ሶፍትዌር ይሠራል፣ ብዙ አገር ቅርንጫፍ አለው፣ የኛው ቢሮ ከጎሮ አለፍ ብሎ ነው። ከጥር 2013 እስከ ሐምሌ 2016 እዚያ ነበርኩ። ሥራዬ ስልኩ ላይ ያለው አማርኛ በትክክል መሥራቱን መፈተሽ ነው።

ከሰርቪሱ ልጀምር። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሚመስል እዚያ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ሰርቪሱ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ 12:15 ላይ ይደርሳል። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ የቀረበት ቀን በጣት ይቆጠራል። ሾፌሩ ማን ከየት እንደሚሳፈር ያውቃል። አንድ ሰው ከጎደለ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚንቀሳቀስ። እርጉዝ በነበርኩ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

ወደ ሥራው ልግባ። የመጀመሪያ ሳምንት የተሰጠኝ ስልክ ላይ ፎቶ ለማስቀመጥ የሚነካው ቁልፍ «አድን» ይላል። ተርጓሚው ሰው ከአደጋ የማዳን ጉዳይ መስሎታል። «አስቀምጥ» በሚል ተስተካከለ። እንዲህ ያለው ቀላሉ ነው። ቀን መቁጠሪያው ላይ 13ኛ ወር የሌለበት ጊዜ ነበር። ጳጉሜን ካስገቡ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ 5 ቀን ብቻ አደረጓት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ከመድረሱ በፊት ስንፈትሽ ስልኩ ከጳጉሜ 5 ዘሎ መስከረም 1 ገባ። ያን ቲኬት (የስህተት ሪፖርት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። በጊዜው ባይታይ ኖሮ የስንቱ ሰው ቀጠሮ በአንድ ቀን ይዛባ ነበር!

ትልቁ ግን የፍለጋው ነገር ነው። እናቴ ስልኳ ላይ «እትዬ ፀሐይ» ብዬ የጎረቤቷን ቁጥር መዝግቤላት ነበር። አንድ ቀን «ጠፍቶብኛል» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት፤ የጻፈችው «ጸሀይ» ብላ ነው። ስልኩ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ቁጥሩ ግን እዚያው አለ።

በማግስቱ ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ብዬ መዘገብኩት። ከዋናው ቢሮ የመጣው መልስ «ፊደሎቹ የተለያዩ ናቸው፣ ስህተት የለም» የሚል ነበር። በኮምፒውተር ቋንቋ ልክ ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበት ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። በግዕዝ ድምፃቸው ይለያይ ነበር፤ በአማርኛ ግን አንድ ሆነዋል፤ ሰው እንደለመደው ይጽፋቸዋል። ስም ላይማ እንደ ወላጅ ነው።

ቲም ሊደሬ «ተይው» አላለኝም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። በሁለት ቀን የሞክሼ ፊደሎችን ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ከእያንዳንዱ ረድፍ ትይዩ ሰዎች በሁለት በሦስት ዓይነት የሚጽፉትን ስም አስገባሁ። ከዚያ ሚቲንግ ላይ ሦስቱን ፊደሎች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሀ። ሐ። ኀ። «የቱ የትኛው ነው?» ስላቸው ዝም አሉ። «እኔም በጆሮ አልለያቸውም፣ እናቴም አትለያቸውም» አልኳቸው። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው።

አምስት ወር ፈጀ። አፕዴቱ የመጣ ዕለት በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። ስልኳን ይዤ «ጸሀይ» ብዬ ጻፍኩ፣ እትዬ ፀሐይ ወጣች። እናቴ ወዲያው ደወለችላትና ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኔ ያን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ እንባዬ መጣ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ የመሥራት ጥሩ ጎን ለኔ ይሄ ነው፤ አንድ ነገር ስታስተካክሉ የማታውቁት ሰው እጅ ድረስ ይደርሳል።

ምሳው ደህና ነው። ረቡዕና ዓርብ ጥሩ በየአይነቱ አለ፣ ሽሮው ግን ውሃ ይበዛበታል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሳል።

ደሞዝ በሰዓቱ ይገባል፣ አንድም ወር አልዘገየብኝም። ግን ኦፈር ሌተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ቤት ኪራይ እንዳትዋዋሉ። እኔ ስገባ 16,000 ብር ነበር። ያኔ ግብሩ በየደረጃው ሆኖ ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። ጡረታው 7 በመቶ ሲጨመር እጄ የገባው 10,780 ነው። የግብር ሕጉ በ2017 ተሻሽሏል፤ ቢሆንም «ኔቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጎደለው ኮከብ።

አንደኛ፣ የማታ ሚቲንግ። አሜሪካ ላሉት ገና ቀን ሲሆን ለኛ ማታ 4 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ልጄን በአንድ እጄ ይዤ፣ ላፕቶፑን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ እገባ ነበር። የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው ክፍያ በ1.75 ይባዛል ይላል። እኛ ግን «ፍሌክሲብል ነው» ተብለን ምንም አልተከፈለንም። ስጠይቅ ኤችአር እናየዋለን አለ። እስክወጣ አላየውም።

ሁለተኛው የበለጠ አሞኛል። ስወልድ ሕጉ የሚለውን ፈቃድ አንድ ቀን ሳይጎድል ሰጡኝ፤ 30 ቀን ከመውለዴ በፊት፣ 90 ቀን ከወለድኩ በኋላ፣ ከሙሉ ደሞዝ ጋር። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም። የዓመቱ ሪቪው ሲመጣ ግን «የዘጋሻቸው ቲኬቶች ቁጥር ከቡድኑ አማካይ በታች ነው» ተባልኩ። አራት ወር ቤት የነበርኩትን ሲስተሙ አልቀነሰውም። ቲም ሊደሬ ተከራከረችልኝ፤ ውጤቱ የሚጸድቀው ውጭ አገር ስለሆነ እሷም ልትቀይረው አልቻለችም። ጭማሪዬ ቀረ። ገንዘቡ ያን ያህል አልነበረም። አራስ ቤት የተኛሁበት ጊዜ እንደ ስንፍና መመዝገቡ ነው ያንገበገበኝ። እስከ ዛሬ ትክክል ነው ብዬ አልቀበለውም።

የወጣሁት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። አሁን ሰሚት አካባቢ አነስ ያለ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ሰርቪስ የለንም።

ለአክስቴ ልጅ «ግባ» አልኩት። ዕድሜው 23 ነው፣ ዓይኑ ስህተት ይለያል፣ እዚያ ካሉት ልጆች ብዙ ይማራል። የማታ ሚቲንግ ክፍያ ኮንትራቱ ላይ እንዲጻፍለት ከመፈረሙ በፊት ጠየቀ፤ ጻፉለት። እኔ ባልደፈርኩት ስለደፈረ በጣም ነው የኮራሁበት። የፊደል ሰንጠረዤን በቴሌግራም ልኬለታለሁ።

ሰኞ ይጀምራል። ጃኬት ይዘህ ውጣ ብዬዋለሁ፤ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኃይለኛ ንፋስ አለ።