ነጯ ፌንጣ፦ ዘጠኝ ወር ከእንቁራሪቶቹ ቤት ጋር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እማዬ በሬን አንኳኳች። «ተነሺ እስቲ፣ ግድግዳው ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት ፌንጣ አለች» አለችኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና አራተኛ ቀኗ ነው። እንቅልፏ ስላልተስተካከለ ሕልም አይታ ነው ብዬ ተነሳሁ። ሄጄ ሳይ እውነትም አለች። ጀርባዋ ነጭ ሆኖ፣ አንቴናዋን እያወዛወዘች መጋረጃው አጠገብ ቆማለች።

ዱቄቱን አውቀዋለሁ። የነሰነስኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኦክቶበር ልጄ ለልደቷ እንቁራሪት ካልተገዛልኝ አለች። አሜሪካ፣ አርሊንግተን ውስጥ አፓርታማ ነው የምንኖረው፤ ውሻ አይፈቀድም። ስለዚህ ሁለት አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች ገዛን። አገራቸው አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ነው፤ እነዚህ ግን እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው። ልጄ ጎመን እና ቃሪያ አለቻቸው። ለእነሱ ደግሞ 45 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ቤት፣ ቴራሪየም የሚሉት፣ ከእንቁራሪቶቹ በላይ ዋጋ ከፍዬ ገዛሁ። የሠራውን ኩባንያ ስም አልጠራም። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ውሃ አያፈስም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

የማወራው ስለ ቀዳዳው ነው።

ከኋላ በኩል፣ ላይኛው ጥግ ላይ፣ የመብራትና የቴርሞሜትር ገመድ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች አሉ። በምትንሸራተት ፕላስቲክ ይዘጋሉ። ይዘጋሉ ሲባል ነው እንጂ ገመዱ ካለፈ በኋላ ዳር ላይ ክፍተት ይቀራል። ለእንቁራሪቶቹ ምግብ ብለን በሕይወት የምንለቅላቸው፣ እዚህ ክሪኬት የሚሏት ቡናማ ፌንጣ በንጹሕ መስታወት ላይ መውጣት አትችልም። ግን ድርጅቱ ለጌጥ ብሎ ጀርባው ላይ ድንጋይ የመሰለ ፎም ለጥፎበታል። መሰላል ሠርቶ፣ መሰላሉ አናት ላይ በር ከፈተላት ማለት ነው።

የዚያን ሌሊት በስልኬ መብራት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ አንቴናዋ ብቅ አለ። ቆየት ብሎ ጭንቅላቷ። ከዚያ ሰውነቷን ጠፍጠፍ አድርጋ ሹልክ አለች። ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ዱቄቱ ካልሲየም ነው፣ ከቫይታሚን ዲ3 ጋር። ያለ እሱ የእንቁራሪት አጥንት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ፌንጣዎቹን ፌስታል ውስጥ ከዱቄቱ ጋር ነቅነቅ አደርግና እለቃቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት እስኪበሉ ከሚቀመጡበት መያዣ ያመለጡትንና ከመስታወቱ ቤት ያመለጡትን ለይቼ አውቃለሁ። ከመያዣው ያመለጠች ቡናማ ናት። እስካሁን አንድም ቡናማ አላገኘሁም። ሰባት ዶላር የማይሞላ የፕላስቲክ ሳጥን የያዛቸውን ይሄ ውድ መስታወት መያዝ አቃተው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ትልልቅ ፌንጣ ግዢ።» ወንድሜ፣ ፌንጣዋ በእንቁራሪቱ ሁለት ዓይኖች መሀል ካለው ስፋት መብለጥ የለባትም ያልከኝ አንተው ነህ። የኔዎቹ እንቁራሪቶች ያኔ የሕፃን አውራ ጣት አያክሉም ነበር። «ብዙ አትልቀቂ፣ የሚበሉትን ያህል ብቻ።» በሌሊት የሚበላ እንስሳ ስንት እንደበላ ተኝቼ ልቁጠር? ያልተበላች ፌንጣ ውስጥ ብትቀር ደግሞ ተራዋን እንቁራሪቱን ትነክሳለች። በውጭም በውስጥም ጣጣ ናት።

ያመለጡት ትንንሾች መጀመሪያ ድምፅ አልነበራቸውም። ፍሪጅ ጀርባ አደጉ። ክንፍ አወጡ። የሚጮኸው ክንፍ ያወጣው ወንዱ ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ እኩለ ሌሊት ጭር ጭር ማለት ጀመሩ። ፍሪጁን ስስብ ዝም ይላሉ። ስመልሰው ይቀጥላሉ። የታች ቤት ጎረቤቴ የጭስ ማስጠንቀቂያሽ ባትሪ ጨርሷል መሰለኝ አለኝ። አዎ አልኩት፤ ምን ልበለው?

ቀዳዳውን መጀመሪያ በስፖንጅ ጠቀጠቅኩት። በሉት። ፕላስተር እንዳልለጥፍ የእንቁራሪት ቆዳ ስስ ነው፣ ቢጣበቅበት ይላጣል። በመጨረሻ ደቃቅ የብረት ወንፊት ቆርጬ በአኳሪየም ሲሊኮን አጣበቅኩት። እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ጎመንና ቃሪያ ቀናትን በላስቲክ ሳጥን ውስጥ አሳለፉ፤ ከእኔ በላይ ተረጋግተው።

አሁን አብዛኛውን ጊዜ በረጅም ወረንጦ ነው የማበላቸው። ይህን ቀድሜ ባውቅ! ፌንጣዋን ፊቱ ላይ ወዝወዝ ታደርጋለህ፣ ጎመን አንገቱን ቀስ ብሎ ያዞራል፣ ያስባል፣ ከዚያ ወረንጦውን ጭምር ይጎርሳል። ሲውጥ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ምግቡን የሚገፋው በዓይኑ ነው። ልጄ ለጓደኞቿ ሁሉ ይህን ታሳያለች። ግን ስላማረን ብቻ አናበላቸውም፤ አሁን አድገዋል፣ በሳምንት ሁለቴ ወይ ሦስቴ ይበቃቸዋል። ቃሪያን ልጄ በድብቅ ስትመግበው ከዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ አብጦ ዓይኑ ላይ መውደቅ ጀምሮ ነበር። እማዬ አይታ «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ብላ ሳቀች። ልጄ ለሳምንት አኮረፈቻት።

ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከቤቱ ጋር ባይያያዝም። የኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን፣ ክሎሪንና አሞኒያ ተቀላቅለው በሚሰጡት ኬሚካል፣ ነው። ክሎሪን ቢሆን ውሃው ሲያድር ይተን ነበር፤ ክሎራሚን ግን በማደር ብቻ አይለቅም። እንቁራሪት ደግሞ ውሃ የሚጠጣው በቆዳው ነው። ስለዚህ ክሎራሚኑን የሚያጠፋ ጠብታ ግዙ። የመስታወት ቤቱ የወንፊት ጣሪያም በክረምት ማሞቂያ ሲበራ እርጥበቱን ይጨርሰዋል። ግማሹን በላስቲክ ሸፈንኩት፣ አለቀ።

ልግዛ ወይ ብላችሁ ትናንት ብትጠይቁኝ ኖሮ ግዙ እል ነበር። ቫኪዩም ስከፍት ቃሪያ ዝናብ የመጣ መስሎት አብሮኝ ይጮህ ነበርና ስቄ ነበር የዋልኩት። ዛሬ ግን አትግዙ። ዛሬ ጠዋት የክረምት ቦቴን ከቁም ሳጥን ሳወጣ አንዷ ዘላ ወጣች። ቀዳዳውን ከዘጋሁ ስንት ወር ሆነኝ!

እማዬ ሜይ ላይ ተመልሳለች። ስትደውል ሰላምታው ሳያልቅ፣ ስለ ልጄ ትምህርት ሳትጠይቀኝ፣ «ያቺ ነጯ ተያዘች?» ትለኛለች።