ልጃችሁን ወርድ ፕሮብለም ካስለቀሰው ይህን አንብቡ

ልጄ ወርድ ፕሮብለም፣ ማለትም በታሪክ መልክ የሚቀርብ የሂሳብ ጥያቄ፣ ስታይ ማልቀስ አቁማለች። ይህን የምጽፈው ያስጠኗትን መምህርት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ልጅ ያላችሁም እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

አባቷ በሕይወት እያለ ሂሳብ የእሱ ድርሻ ነበር። ማታ ማታ ሁለቱ ደብተር ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከሩቅ እሰማቸዋለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ። ፖሊኖሚያል ፈንክሽን (ኤክስ በራሱ እየተባዛ፣ እየተደመረና እየተቀነሰ የሚጻፍ ቀመር) ላይ ስትደርስ ግን አቅሜ አለቀ። የሚገርመው፣ ቀመሩ ተጽፎ ከተሰጣት ትሠራለች። ያው ነገር በታሪክ መልክ ሲመጣ፣ «ከካርቶን ሳጥን ተሠራ» ወይም «ኳስ ተወረወረ» ሲላት፣ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች።

አስጠኚ ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። አንዱ ጥያቄውን ራሱ ይሠራና «ገባሽ?» ይላታል። እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ደብተሯ በእሱ ጽሑፍ ተሞላ፤ ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት። ሌላ ቦታ ደግሞ ቃል እያሳደደች እንድትሠራ አስተማሯት። «ጠቅላላ» ካለ ደምሪ፣ «ልዩነት» ካለ ቀንሺ። እስቲ አሁን የሳጥን ይዘት ሲጠየቅ ሦስት ነገር አባዢ የሚላት የትኛው ቃል ነው? ክፍያ ትንሽ ከዘገየ ግን በማግስቱ ስልክ ይደወላል። ሦስተኛው የባሰ ነው። ልጄ እየሰማች «ይቺ ልጅ ለሂሳብ አልተፈጠረችም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ» አለኝ። ያን ማታ አንድም ቃል ሳትናገር ተኛች። እስካሁን ከሆዴ አልወጣልኝም። ልጅ ፊት እንዲህ ይባላል?

እኚህን መምህርት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ዕድሜ ይስጣት። መጀመሪያ ቀን ደብተር እንኳ አላስከፈቷትም። 30 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ወረቀት፣ ማስመሪያና መቀስ አወጡ። «ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካሬ ቁረጪና ጎኖቹን አጥፈሽ ክዳን የሌለው ሳጥን ሥሪልኝ» አሏት። ሠራች። «አሁን የቆረጥሽው ስንት እንደሆነ አናውቅም እንበል፤ ኤክስ ነው። የሳጥኑ ቁመት ስንት ሆነ?» ኤክስ አለች። «ርዝመቱስ?» ትንሽ አሰበችና «30 ሲቀነስ ሁለት ኤክስ፣ በሁለቱም በኩል ስለቆረጥኩ» አለች። ወርዱም እንደዚያው 20 ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ሆነ። ሦስቱን ስታባዛ ያ የምትፈራው ኩቢክ ፖሊኖሚያል፣ ሦስት ኤክስ እርስ በርስ የሚባዛበት ቀመር፣ ከራሷ እጅ ወጣ። ማንም ጽፎ አልሰጣትም።

ከዚያ ሳጥኑ 1000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንዲይዝ ስንት መቁረጥ እንዳለባት ጠየቋት። መሃል ያለውን ስሌት እኔ አልተከታተልኩትም፤ ፋክተር ምናምን ይባባሉ ነበር። መጨረሻ ላይ ሦስት መልስ ወጣ፦ 5፣ ወደ 2.93 እና ወደ 17.07። ልጄ ወዲያው ላጲስ አነሳች። ብዙ መልስ ሲወጣ የተሳሳተች ይመስላታል። መምህርቷ እጇን ያዝ አደረጉና «አታጥፊው የኔ ልጅ፤ ስሌትሽ ልክ ነው። አሁን ወረቀቱን ጠይቂው» አሏት። መቀሱን አቀበሏት፤ «በይ 17 ቁረጪ።» ማስመሪያውን በ20ው ጎን ላይ አስቀምጣ አየችው። ከሁለቱም በኩል 17 ለመቁረጥ 34 ያስፈልጋል። ወረቀቱ የለም! ሳቀች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሂሳብ ይዛ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

5ቱም 2.93ቱም ግን ትክክል ናቸው። አንዱ ጠበብ ብሎ ጥልቅ ሳጥን ይሆናል፣ ሌላው ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለ። የሚይዙት እኩል ነው። ሁለቱንም ሠርታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

አሠራራቸው ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። እስክሪብቶ ሳይነሳ ጥያቄው ሁለቴ ይነበባል። ሥዕል ይሣላል። ኤክስ ምን እንደሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነመለኪያው ይጻፋል። ስሌት ከመጀመሩ በፊት ኤክስ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል ይወሰናል። ለዚያ ወረቀት ከ0 በላይ፣ ከ10 በታች ማለት ነው። መልስ ሲገኝ ደግሞ ተመልሶ ወደ ታሪኩ። ከ25 ሜትር ከፍታ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ወደ ላይ ስለተወረወረ ኳስ ሲሠሩ፣ የመሬት ስበቱን 10 ብለው፣ መሬት የሚነካበት ጊዜ 5 እና ኔጋቲቭ 1 ወጣ። ልጄ ሳትጠየቅ «ኳሱ ሳይወረወር አይወድቅም» ብላ ኔጋቲቩን ሰረዘችው። ድሮ እኮ ሁለቱንም ጽፋ ነበር የምታስረክበው።

በቅርቡ ፈተና ላይ አንድም ወርድ ፕሮብለም አልዘለለችም። አንዱን ስታለች፤ የት እንደሳተች ግን ራሷ አስረዳችኝ። ለእኔ ይህ ከውጤቱ ይበልጣል። ልጃችሁ ቀመር እያወቀ ታሪክ ሲሆንበት የሚደነግጥ ከሆነ፣ እባካችሁ እኚህን መምህርት ሞክሩ። ልጅ አይንቁም፣ አይቸኩሉም፣ የወር ክፍያ ሲዘገይብኝ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ደግሜ እላለሁ፣ ሞክሯቸው።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ብዙ ልጅ ስለማይቀበሉ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቁ።

ቲቸር፣ ይህን ካነበቡት፦ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።