ለቤት ሰራሽ አምፕ ትራንስፎርመር ይሻላል ወይስ ስዊቺንግ?

የአምፕ (የድምፅ ማጉያ) ቦርድ ገዝታችሁ ፓወሩ በትራንስፎርመር ይሁን በስዊቺንግ (220ውን በኤሌክትሮኒክስ ወደ ዲሲ በሚቀይር ፓወር ሳፕላይ) ግራ የገባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ድምፁን የሚያጎላውን ቺፕ እዩት፣ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው። ቲፒኤ 3116 ከሆነ ቀላል ነው፣ እስከ 26 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው፣ ኔጋቲቭ ፓወርም አይፈልግም፣ ስለዚህ ለኤልኢዲ መብራት የሚሸጠውን ባለ ቀዳዳ ላሜራ የ24 ቮልት ስዊቺንግ ግዙ በቃ። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ቦታ አይዝም፣ የመብራታችን ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲልም እሱ 24ቱን ይዞ ይቆያል። ግን ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ 110/220 የሚል መቀየሪያ አላቸው፣ ሳትሰኩት በፊት 220 ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ 110 ላይ ሆኖ ከሰካችሁት ይፈነዳል።

ቲዲኤ 7294 ወይም ኤልኤም 3886 ከሆነ ግን እኔ ትራንስፎርመር ነው የምለው። እነዚህ ፖዘቲቭ፣ ዜሮ፣ ኔጋቲቭ ነው የሚፈልጉት። ሁለት ስዊቺንግ በሲሪየስ አያይዞ መስራት ይቻላል፣ ችግሩ ቤዙ ሲመታና በአንዴ ብዙ አምፔር ሲሳብ ርካሹ ስዊቺንግ ራሱን ለማዳን ይቆርጣል፣ ሙዚቃው መሀል ላይ ጸጥ። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ይሸከመዋል፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም ያግዙታል።

ስትገዙ ሻጩ የሚነግራችሁ ቮልት ኤሲ መሆኑን አትርሱ። በ1.41 አባዙትና ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት ዳዮዶች የሚበሉትን 1 ቮልት ገደማ ቀንሱ። 24-0-24 (ከመሀል ዜሮ ሽቦው በሁለቱም በኩል 24 ቮልት) ወደ ±33 ይሰጣል፣ ለ8 ኦም ስፒከር አሪፍ ነው። 4 ኦም ከሆነ 20-0-20 ይበቃል፣ ±27 ማለት ነው፣ ከዛ በላይ ቺፑን ማቃጠል ነው። 30-0-30 ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ለ7294 እንዳትገዙ፣ ±41 ይደርሳል፣ የቺፑ የስራ ወሰን ደግሞ ±40 ነው፣ መብራቱ ማታ 240 ሲገባማ ከዛም ያልፋል። ለስቴሪዮ 200 ቪኤ (የትራንስፎርመሩ አቅም ነው) አካባቢ ፈልጉ፣ በፖዘቲቩም በኔጋቲቩም በኩል 10000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት የሚችል ካፓሲተር።

ክቡ ትራንስፎርመር ከአራት ማዕዘኑ ይወደዳል ግን ዙሪያውን የሚረጨው ማግኔት ያነሰ ስለሆነ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ለሚሰራ ሰው ዋጋው ይገባዋል። ከዩፒኤስ የተፈታ ትራንስፎርመር ግን አልመክርም፣ ብዙው ለጥቂት ደቂቃ እንዲሰራ ታስቦ ስለሆነ ሰዓታት ሲቆይ ይግላል።

እምምም የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሽቦ አያያዝ ነው የሚመጣው። የትራንስፎርመሩ የመሀል ሽቦ መጀመሪያ ሁለቱ ካፓሲተሮች የሚገናኙበት ጋ ይግባ፣ ከዛ በአንድ አጭር ወፍራም ሽቦ ወደ አንድ የግራውንድ ነጥብ ውሰዱት፣ የስፒከሩም የቦርዱም ዜሮ ከዛች ነጥብ ብቻ ይነሳ። የድምፅ ማስገቢያውን ሽቦ ከትራንስፎርመሩ አርቁት። 220ው ላይ ፊውዝ፣ ላሜራው ላይ ኧርዝ የግድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት ደግሞ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል 220ው መስመር ላይ በሲሪየስ አስገቡ፣ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ እንደበራ ከቀረ ሾርት አለ ማለት ነውና ወዲያው ንቀሉት።