ለአሮጌ ሞተር ሳይክል የገዛሁት ዕቃ፦ የሚረባውና የማይረባው

አሮጌ ሞተር ሳይክል ቤት ውስጥ አድሳለሁ ብለህ ዕቃ ፍለጋ ከጀመርክ መጀመሪያ ዓይንህ ውስጥ የሚገባው ኤልኢዲ መብራት፣ የሚጮህ ማርሚታና ባለቀለም የመሪ መያዣ ነው። ተዋቸው። መጀመሪያ ካቻቢቴ ግዛ። ቀልዴን አይደለም። ከገዛሁት ሁሉ ገንዘቡን በደንብ የካሰው እሱ ነው። በጣም ያናደደኝ ደግሞ «ሙሉ» የተባለው የካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) መጠገኛ ኪት። የቀረው በነዚህ በሁለቱ መሀል ይወድቃል።

ሞተሯ ሆንዳ ሲጂ125 ናት። ለማያውቃት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣች፣ ብዙ ጥገና ሳትጠይቅ እንድትሠራ ታስባ የተሠራች ባለ አንድ ሲሊንደር ናት። ቫልቮቿን የሚገፋቸው ዘንግ ስለሆነ የካምሻፍት ሰንሰለት የሚባል ጣጣ የለባትም። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ኢንጂን ማግኘት ይከብዳል። የምለው ግን ካርቡሬተር ላላቸው ለአብዛኞቹ የቆዩ ጃፓን ሠራሽ ሞተሮች ይሠራል።

እና ካቻቢቴው። የጃፓን ሞተር ላይ ያለው ባለመስቀል ብሎን የተለመደው ፊሊፕስ ይመስላል እንጂ አይደለም። ጄአይኤስ የሚባለው የጃፓን ስታንዳርድ ነው። በዓይን መለየት ይከብዳል። ፊሊፕስ ካቻቢቴ ስትከትበት ጫፉ እስከ ታች አይወርድም፣ ስትጠመዝዘው ወደ ላይ እያንሸራተተ ይወጣና መስቀሉን ልጦት ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለህ አማራጭ ድሪል ነው። አሮጌ ሞተሮች ላይ የኢንጂን ክዳን ብሎኖች ተልጠው የምናየው ሰው ሁሉ ጉልበተኛ ስለሆነ አይመስለኝም፣ ካቻቢቴው ስላልገጠመ ነው። ሁለት ይበቃሃል። ቁጥር 2 ለካርቡሬተሩና ለትናንሾቹ፣ ቁጥር 3 ለክዳኖቹ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎኖች። ስትገዛ ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ የዘለቀውን ምረጥ፣ አናቱን በመዶሻ ነካ ነካ ማድረግ ትችላለህ፤ የዛገ ብሎን ብዙ ጊዜ በዚያች ብቻ ይለቃል። እምቢ ላለው በመዶሻ የሚመታ ኢምፓክት ድራይቨር አለ። ስትመታው ወደ ታች እየተጫነ ስለሚዞር ጫፉ አይወጣም። ቀላል ዕቃ ነው፣ ተአምር ይሠራል። ካርቡሬተር ላይ ግን እንዳትሞክረው፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ኪቱ። የሠራውን ስም ልተወው፣ ተመሳሳዩ ሞልቷል። ሳጥኑ ሁሉም አለኝ ይላል፣ እውነትም አለው። የታችኛው ጎድጓዳ ጋስኬት፣ ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች)፣ ነዳጅ ሲሞላ የሚዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ፣ ትልቁና ትንሹ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍባቸው ባለ ቀዳዳ የነሐስ ቁራጮች)፣ ነዳጅ ስትሰጥ ከፍ ዝቅ የሚለው የስላይዱ መርፌ፣ የማስተካከያ ብሎን ከነስፕሪንጉ። ጎማ ጎማው ጥሩ ነው። ጋስኬቱ ልኩ ነው፣ ቤንዚን ውስጥ ሰንብቶም አላበጠም። ነሐሱ ግን አያስተማምንም። ትልቁ ጄት ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ ነው፣ ገጥሜ ስነዳት ግን ነዳጅ ስሰጣት ታንቃለች፣ ካንዴላው ሲወጣ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። አሮጌውን ጄት አጽድቼ መለስኩት፣ ሌላ ምንም ሳልነካ። ካንዴላው ወደ ቡናማ መጣ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ጄት በቀላሉ አያልቅም፣ ይደፈናል እንጂ። የሚያልቀው የስላይዱ መርፌና የምትገባበት ቱቦ ነው፣ ሞተሯ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እርስ በርስ ስለሚፋጩ። ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛትም አያዋጣም፤ በአንዳንዱ ጄት ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሌላው ደግሞ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን። ስለዚህ ካርቡሬተርህ ኬሂን ከሆነ የኬሂን፣ ሚኩኒ ከሆነ የሚኩኒ ጄት ነው የምትፈልገው። ከዚያ በፊት ግን ያለውን አጽዳ። በብረት ሽቦ አትጎርጉረው፣ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዘህ በእሷ አሳልፍ። የማጽጃ ስፕሬይ ስትነፋ መነጽር አድርግ፣ በአንዱ ቀዳዳ የገባው በሌላው ዞሮ ዓይን ላይ ነው የሚመጣው። ፍርዴ፦ ኪቱን ለጎማው ስትል ግዛው፣ ነሐሱን ለመጠባበቂያ እንኳ አታስቀምጠው።

ኤልኢዲ ላይ የምቆጣበት ምክንያት አለኝ። የፊት መብራቱ አንጸባራቂ የተቀረጸው ለክር አምፖል ነው፣ ብርሃኑ ከዚያች ክር ቦታ ይነሳል ተብሎ ተሰልቶ። የኤልኢዲው ቺፖች ከዚያ ቦታ ትንሽ ካፈነገጡ ብርሃኑ ይበተናል። ግድግዳ ላይ ስታየው ነጭና ኃይለኛ ነው፣ ትደነቃለህ። መንገድ ላይ ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ታጠፋለህ እንጂ አንተ ሩቅ አታይም። ሌላም አለ። ብዙ አሮጌ ትናንሽ ሞተሮች የፊት መብራታቸውን በባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ በሚመጣ ተለዋዋጭ ኃይል ነው የሚያበሩት፣ ያን የማይችል ኤልኢዲ ይርገበገባል ወይም ቶሎ ይቃጠላል። የጥንቶቹ 6 ቮልት ከሆኑማ የ12 ቮልት አምፖል ጨርሶ አይሆንም።

መብራቱ የደከመ ከመሰለህ አምፖሉን ከመወንጀልህ በፊት ማሳውን፣ ማለትም ኔጌቲቩ ከቻሲው ጋር የሚገናኝበትን፣ እይ። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የገዛሁት ለዚህ ነው፣ ከካቻቢቴው ቀጥሎ የምመክረውም እሱን ነው። መብራቱ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ አብራውና አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ አድርግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ ኃይሉን የሚበላው ዝገት ነው። ሽቦው ከቻሲው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርገህ መልሰህ እሰረው። ነፃ ነው፣ ከማንኛውም አምፖል ይበልጣል።

ኤልኢዲ ፍሬቻ ከፈለግክ እሺ፣ ጥሩ ይታያል። ግን የድሮው የፍሬቻ ማጥፊያና ማብሪያ ሬሌ የሚሠራው አምፖሉ በሚስበው ኃይል ነው፣ ኤልኢዲ ደግሞ ትንሽ ነው የሚስበው። ወይ በጣም ይፈጥናል ወይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ኤሌክትሮኒክ ሬሌ አብረህ ግዛ። ዳሽቦርዱ ላይ ለግራም ለቀኝም አንድ መብራት ብቻ ካለ ሌላ ጉድ ይጠብቅሃል። ኃይሉ በዚያች አምፖል በኩል ወደ ማዶ ይሻገርና ወደ ግራ ስታሳይ አራቱም ይበራሉ። ሁለት ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ይፈታዋል፣ ማሸጊያው ላይ ግን ማንም አይጽፍልህም።

የፍሬን ሸራ፦ ያለ ክርክር ግዛ። ሞተሯን ከምንም በላይ የቀየራት እሱ ነው፣ አሁን የፊት ፍሬኑን ስይዝ የምትቆም ሞተር አለችኝ። አሮጌውን ስታወጣ አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፋ፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረግና ጨርቁን ጣለው።

የነዳጅ ታንከሩን ውስጥ የሚቀባ ማሸጊያ አልወደድኩትም። ዝገቱ በደንብ ሳይለቅ ከተቀባ ይላጣል፣ ቅርፊቱም ወርዶ ቧንቧውን ይደፍናል። ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውኃ በጥብጦ ማሳደር፣ በደንብ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ይበቃል። ታንከሩ ካልተበሳ በቀር።

ካቴና ስትቀይር የፊትና የኋላውን ጥርስ አብረህ ቀይር፣ በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ቶሎ ያልቃል። ባለ ኦሪንጉ ለ125 ሲሲ ብዙም አያስፈልግም። ከተራው ሰፋ ስለሚል ክዳኑን እንዳይነካም ማየት አለብህ።

ዘይት ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ፈልግ። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ነገር ስላለበት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ውድ ይሁን ርካሽ ብዙም ልዩነት አላየሁም፣ በጊዜው ቀይረው እንጂ።

ጎማ ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3519 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 35ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሻጭ «ትናንት የገባ ነው» ሲለኝ ቁጥሩን አንብቤ ጎማውን መለስኩለት።