ላፕቶፕን እንዳለ መጠቀም ወይስ ከፍ አድርጎ የተለየ ኪቦርድ መጨመር?

የላፕቶፕ ችግር የሚጀምረው ከአሠራሩ ነው፤ ስክሪኑና ኪቦርዱ ተያይዘው ስለተሠሩ፣ ለእጅ በሚመች ከፍታ ሲቀመጥ አንገትን ያስደፋል፣ ለዓይን በሚመች ከፍታ ሲቀመጥ ደግሞ ትከሻን ያሰቅላል። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ከማጅራት እስከ ትከሻ ያሉት ጡንቻዎች ያለ እረፍት ተወጥረው ሊይዙት ይገደዳሉ። ከቀትር በኋላ የሚሰማው የማጅራት መቃጠልና ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው አማራጭ ይህን ትስስር ይፈታል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የተዘረጋ እጅ ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ የተለየው ኪቦርድና ማውዝ ግን ክርን ከጎን ሳይርቅ 90 ዲግሪ ገደማ በሚታጠፍበት ከፍታ ላይ ይሆናሉ። ለዚህ ውድ ማስቀመጫ መግዛት አያስፈልግም፤ ከቢሮ የማይጠፋው ባለ 500 ቅጠል ደስጣ ወረቀት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው፣ ሦስቱ ተደራርበው ለብዙ ሰው ይበቃሉ። የቅርብና የሩቅ እይታን ያጣመረ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ግን ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ አለባቸው፤ አለበለዚያ በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ለማንበብ አገጫቸውን ሽቅብ ያነሣሉ።

ለአጭር ሥራና ለመንገደኛ የመጀመሪያው ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ጸሐፊ ግን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ማለትን ሳይተው፣ ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እመርጥለታለሁ። እጅ መደንዘዝ ከጀመረ ግን ጉዳዩ ከጠረጴዛ አልፏልና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያሻል።