በባሕር ዳር የልብ ሆርሞን ምርመራ፦ ልኬቱ ጥሩ፣ የውጤት ወረቀቱ ጎደሎ

እናቴ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸውና እግራቸውም ስለሚያብጥ፣ ሐኪማቸው ያዘዙላቸውን ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ የተባለ፣ የልብ ድካምን ለመለየት የሚረዳ የደም ምርመራ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ አሠራን። ስለ መስተንግዶው የማነሣው ቅሬታ የለም። ባለሙያዋ «እማማ፣ እጅዎን ጨበጥ ያድርጉልኝ» ብላ ደም ሥራቸውን ሳታንገላታ አገኘች፤ ውጤቱም ብዙ ሳያስጠብቅ ደረሰ። ዋጋው ከተለመደው የስኳር ምርመራ እጅግ ይበልጣል፤ ሆኖም የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ የተረዳ ሰው ገንዘቡ ባከነ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ተመራማሪው አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ ከአይጦች የልብ ላይኛ ክፍል ያወጡትን ጭማቂ በሌሎች አይጦች ደም ሥር ቢያስገቡ፣ አይጦቹ ብዙ ጨውና ሽንት አስወገዱ፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ልብ ደም ከመርጨት ሌላ ሆርሞን እንደሚያመነጭ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የልብ ግድግዳ በደም ብዛት ሲለጠጥ የሚለቀቀው ሆርሞን በኩላሊትና በደም ሥር ሴሎች ላይ ካለው «ኤ» ተቀባይ (ሆርሞኑን ከሚይዘው የሴል ፕሮቲን) ጋር ሲጣበቅ፣ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል መልእክተኛ ይፈጠራል፤ በዚህም ደም ሥሩ ይላላል፣ ኩላሊትም ሶዲየምን ያስወጣል፣ ግፊት የሚጨምሩት ሬኒንና አልዶስትሮንም ይቀንሳሉ። «ሲ» የተባለው ሌላው ተቀባይ ደግሞ ሥራው በዋናነት ሆርሞኑን ከደም ማጽዳት ነው። «ኤ» ተቀባይ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ሆርሞኑ እያላቸው ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ ያለ ተቀባይ ሆርሞኑ ብቻውን ምንም አይፈይድም ማለት ነው። ላቦራቶሪው የሚለካው ከእነዚህ የልብ ሆርሞኖች አንዱ የሆነው ቢኤንፒ ከእናት ሞለኪውሉ ሲቆረጥ የሚተርፈውን ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ ራሱ ሥራ ባይኖረውም በደም ውስጥ ከሆርሞኑ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ለልኬት ይመቻል።

ጉድለቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። የሰፈረው አንድ ቁጥር፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትና «ከ125 በታች ጤናማ» የሚል መስመር ብቻ ስለነበር፣ እናቴ ሐኪማቸው እስኪያብራሩላቸው ድረስ በከንቱ ተጨነቁ። 125 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ሕመሙ ቀስ በቀስ ለመጣበት ሰው ውጤቱ ከሱ በታች ሲሆን የልብ ድካም የመኖሩን ዕድል ዝቅ የሚያደርግ ወለል እንጂ፣ ያለፈው ሁሉ ታማሚ ነው የሚያሰኝ ድንበር አይደለም። በድንገተኛ ክፍል ሕመሙ የለም ለማለት የሚያገለግለው 300 ሲሆን፣ አለ ለማለት ግን ዕድሜ ይታያል፦ ከ50 ዓመት በታች 450፣ ከ50 እስከ 75 ድረስ 900፣ ከዚያ በላይ 1,800። የኩላሊት ድክመት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ስለ ኩላሊታቸው የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም።

ሐኪም ላዘዘለት ሰው አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ብቻ የክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዝ፣ ወረቀቱንም ለሐኪሙ ሳያሳይ በራሱ አይተርጉመው።